ወረፋና ቀመሩ፦ ከዲዝኒላንድ ሰልፍ እስከ ቢቸናና ሞጣ ወፍጮ ቤት

የሰውን ልጅ ጊዜ ከሚበሉ ነገሮች መካከል እንደ ወረፋ ያለ ሆዳም የለም። ሥራ ፈትቶ በጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው ቢያንስ ያርፋል፤ ወረፋ የያዘ ሰው ግን አይሠራም፤ አያርፍምም። ከዚህም የተነሣ ወረፋን የድህነት ምልክት ብቻ አድርጎ የሚያየው ብዙ ነው። «ባደገ አገር እንዲህ ያለ ነገር አይታይም» ሲባል እንሰማለን። አባባሉ ግን ከእውነት የራቀ ነው። በሀብታሞቹ አገሮች ሰዎች ገንዘብ ከፍለው፣ የዓመት ዕረፍታቸውን ጠብቀው፣ ልጆቻቸውን አስከትለው ለመሰለፍ የሚሄዱበት ስፍራ አለ። እርሱም የመዝናኛ መናፈሻ ይባላል።

ከእነዚህ መናፈሻዎች በዓለም ላይ እጅግ ከታወቁት አንዱ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት በአናሃይም ከተማ የሚገኘው ዲዝኒላንድ ሲሆን፣ በሩን የከፈተው ሐምሌ 10 ቀን 1947 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 1955) ነበር። በዚያን ዕለት የተጠሩት የተወሰኑ እንግዶች ብቻ ቢሆኑም፣ በሐሰት የታተመ መግቢያ ወረቀት የያዙ ብዙ ሰዎች ተጨምረው ስለ ገቡ ስፍራው ከአቅሙ በላይ ተጨናነቀ። ከዚያ ወዲህ የመናፈሻው ጎብኚ ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «በአንድ ቀን ውስጥ፣ ጊዜዬን በሰልፍ ሳልጨርስ፣ ብዙ መጫወቻ እንዴት ላዳርስ?» ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት መጻሕፍት ተጽፈዋል፤ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞችም ተዘጋጅተዋል።

በምሥራቅ ጎጃም በቢቸናና በሞጣ እንዲህ ያለ መናፈሻ የለም። ሆኖም ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ በገበያ ቀን የተጓዘ ሰው ያንኑ ጥያቄ በሌላ መልክ ያገኘዋል። ከገጠር ቀበሌ ጎህ ሲቀድ የተነሣች አንዲት እናት ጤፏን ታስፈጫለች፤ በጽሕፈት ቤት ጉዳይ ታስፈጽማለች፤ ዶሮና እንቁላል ሸጣ ጨውና ዘይት ትገዛለች፤ ሳይመሽም ወደ ቤቷ ትመለሳለች። መጫወቻው ተለወጠ እንጂ ሒሳቡ አልተለወጠም። ልዩነቱ በሚጠፋው ነገር ላይ ነው። በዲዝኒላንድ የሚጠፋው ጨዋታ ሲሆን፣ በቢቸና የሚጠፋው የእናት ጉልበትና በእርሷ ምትክ ቤት የምትጠብቀው ልጅ የትምህርት ሰዓት ነው። በዚህ ጽሑፍ ስለ ወረፋ ሳይንስ መሠረተ ሐሳቡን ካብራራን በኋላ፣ የመናፈሻ ጎብኚዎች የደረሱባቸው ዘዴዎች ለእኛ ገበያ ምን ያህል እንደሚሠሩ እንመረምራለን።

የኮፐንሃገኑ የሒሳብ ሊቅ

ወረፋን በሒሳብ ዓይን በመመልከት ፋና ወጊ ከሆኑት ሁሉ የሚቀድመው የዴንማርክ ተወላጁ አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ ነው። ኤርላንግ በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ውስጥ ይሠራ ነበር። በዚያ ዘመን የስልክ ጥሪ የሚገናኘው በሰው እጅ ስለነበረ፣ ኩባንያው «ደንበኛ እንዳይጉላላ ስንት መስመርና ስንት ሠራተኛ ያስፈልገናል?» የሚል ጥያቄ ነበረበት። ኤርላንግ እ.ኤ.አ. በ1909 ባሳተመው ጥናቱ፣ ጥሪዎች በዘፈቀደ ቢመጡም ዘፈቀደው ራሱ ሥርዓት እንዳለው አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1917 ደግሞ አንድ ደዋይ መስመር ተይዞ የማጣቱን ዕድልና የመጠበቂያ ጊዜውን የሚያሰሉ ቀመሮችን አቀረበ። ዛሬ የስልክ መስመር ጫና መለኪያ በስሙ «ኤርላንግ» ተብሎ ይጠራል።

ለእኛ ለፊዚክስ ሰዎች ይህ ታሪክ የተለየ ጣዕም አለው። ኤርላንግ በስልክ ጥሪዎች ላይ ያየው ሕግ፣ ራዘርፎርድና ጋይገር እ.ኤ.አ. በ1910 ከራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር በሚወጡ የአልፋ ቅንጣቶች ላይ ያዩት የፑዋሶን ሥርጭት ነው። አንዱ አቶም መቼ እንደሚፈርስ ሌላው አቶም አይነግረውም፤ የሞጣዋ ወይዘሮም ወደ ወፍጮ ቤት መቼ እንደምትወጣ ከማታውቃት ከቢቡኝ ወይዘሮ ጋር አትመካከርም። መመካከር በሌለበት ደግሞ አንዳንዴ ለግማሽ ሰዓት አንድም ሰው ሳይመጣ ይቆይና፣ አንዳንዴ አምስት ሰው በአንድ ጊዜ ይደርሳል። ወረፋ የሚወለደው ከዚህ ነው።

ይህን ነጥብ አንባቢ ልብ እንዲለው እንፈልጋለን። አንድ ወፍጮ የአንድን ሰው እህል በ5 ደቂቃ ይፈጫል እንበል። ሰዎች ልክ በየ6 ደቂቃው አንድ አንድ እያሉ ቢመጡ ማንም ማንንም አይጠብቅም፤ ወፍጮውም በየመካከሉ አንድ ደቂቃ ያርፋል። እንግዲህ ወረፋ የሚፈጠረው ሰው ስለበዛ ብቻ አይደለም፤ አመጣጡ ስለተዘበራረቀም ጭምር ነው።

የመጨረሻው አንድ ሰው ዋጋ

አመጣጡ እንደ ተለመደው ዝብርቅርቅ ሲሆን፣ የእያንዳንዱ ሰው እህል መጠንም ሲለያይ፣ በአንድ ወፍጮ ቤት የሚያሳልፉት አማካይ ጊዜ በቀላል ቀመር ሊገመት ይችላል። በሰዓት ሊስተናገዱ ከሚችሉት ሰዎች ቁጥር ላይ በሰዓት የሚመጡትን ቀንሶ፣ 1ን ለልዩነቱ ማካፈል ነው። ውጤቱ በሰዓት የተለካ ቆይታ ይሆናል።

ወፍጮው በሰዓት 12 ሰው ያስተናግድ። በሰዓት 6 ሰው ቢመጣ፣ ልዩነቱ 6 ስለሆነ አማካይ ቆይታው የሰዓት አንድ ስድስተኛ ማለትም 10 ደቂቃ ነው። 9 ሰው ቢመጣ 20 ደቂቃ ይሆናል። 10 ሰው ቢመጣ 30 ደቂቃ፣ 11 ሰው ቢመጣ ደግሞ 60 ደቂቃ ይሆናል። ከ6 ወደ 9 ሲደርስ ሦስት ሰው ተጨምሮ ቆይታው ያደገው በ10 ደቂቃ ብቻ ነበር፤ ከ10 ወደ 11 ሲያልፍ ግን አንድ ሰው ብቻ ተጨምሮ ቆይታው በእጥፍ አደገ።

የወፍጮ ቤቱ ባለቤት በሰዓት 11 ሰው ሲመጣለት «ገና ለአንድ ሰው ቦታ አለኝ» ቢል በሒሳብ አልተሳሳተም። የተሰላፊው ምሬት ግን ከዚያችው ከቀረችው ትንሽ ቦታ የመነጨ ነው። አቅሙ ጢም ብሎ የሚሠራ ማንኛውም አገልግሎት፣ ወፍጮም ይሁን ጤና ጣቢያ ወይም ጽሕፈት ቤት፣ ረዥም ወረፋ ማፍራቱ የማይቀር ነው። መልካሙ ዜና ይኸው ቀመር ወደ ኋላም የሚሠራ መሆኑ ነው፤ ከ11 ሰዎች አንዱ ብቻ ሌላ ሰዓት ቢመርጥ የቀሩት የሁሉም ቆይታ በግማሽ ይቀንሳል።

የገበያ ቀን ሞገድ

ከላይ ያየነው ቀመር የሚሠራው አመጣጡ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ሲሆን ነው። የገበያ ቀን ግን እንደ ሞገድ ነው፤ ይነሣል፣ ይሞላል፣ ይጎድላል። የመናፈሻ ጎብኚዎች «በሩ ሲከፈት ድረስ፤ ዋናውን መጫወቻ በመጀመሪያ ያዝ» የሚለውን ምክር ያገኙት ከዚህ ሞገድ ነው። ምክሩ ምን ያህል እንደሚያተርፍ በራሳችን ምሳሌ እንየው።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ድረስ በሰዓት 20 ሰው ወደዚያው ወፍጮ ቤት ይምጣ። ወፍጮው የሚያስተናግደው 12 ሰው ስለሆነ በየሰዓቱ 8 ሰው ይጠራቀማል። 6 ሰዓት ሲሆን 24 ሰው ተጠራቅሟል ማለት ነው። በዚያች ደቂቃ የሚደርስ ሰው 24 ሰው ከፊቱ ስላለ 2 ሰዓት ሙሉ ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሰው በሰዓት ወደ 4 ዝቅ ቢል፣ ወረፋው በሰዓት 8 ሰው እየጎደለ ከ3 ሰዓት በኋላ፣ ማለትም ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ያልቃል።

አሁን ሦስት ሰዎችን እናወዳድር። 3፡30 ላይ የደረሰችው ከፊቷ 4 ሰው ስለምታገኝ 20 ደቂቃ ትጠብቃለች። 6 ሰዓት ላይ የደረሰችው 2 ሰዓት ትጠብቃለች። 8፡30 ላይ የደረሰችው እንደ መጀመሪያዋ 20 ደቂቃ ትጠብቃለች። ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ ወረፋው እጅግ የሚረዝመው ሰው በብዛት መምጣት በጀመረበት ሰዓት ሳይሆን መምጣቱን በሚያቆምበት ሰዓት ነው፤ ስለዚህ «ግርግሩ በረድ ይበልልኝ» ብሎ ትንሽ ዘግይቶ የሚመጣ ሰው የሰልፉን ጫፍ ይይዛል። ሁለተኛ፣ ማልዶ መድረስ ያልቻለ ሰው መዘግየቱን ማብዛት ይሻለዋል። በግማሽ መዘግየት ከሁሉም የከፋ ነው።

በዓይን የሚታይን ሰልፍ መለካት

እንግዲህ አንድ ሰው ሰልፍ ፊት ሲደርስ «ልግባ ወይስ ሌላ ጉዳይ ልፈጽም?» ብሎ መወሰን አለበት። ለዚህ ውሳኔ የሚያገለግለውን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1961 በማስረጃ ያጸናው አሜሪካዊው ጆን ሊትል ነው። ሕጉ አጭር ነው፤ በአንድ ስፍራ በአማካይ የሚገኙ ሰዎች ቁጥር፣ በሰዓት ከሚገቡት ቁጥርና እያንዳንዱ ከሚቆይበት ጊዜ ብዜት ጋር እኩል ነው። ሕጉ ስለ ሰልፉ ዓይነት፣ ስለ ሰዎቹ አመጣጥ ወይም ስለ አስተናጋጁ ጠባይ አንዳች የተለየ ግምት አይጠይቅም።

በገበያ ላይ አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። ሰልፉ ውስጥ ያሉትን ሰዎች መቁጠር፤ ቀጥሎም በ10 ደቂቃ ውስጥ ስንት ሰው ጉዳዩን ጨርሶ እንደሚወጣ መቁጠር። 40 ሰው ተሰልፎ በ10 ደቂቃ 4 ሰው ቢወጣ፣ በሰዓት 24 ሰው ይወጣል ማለት ነውና የመጨረሻው ሰው 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይጠብቃል። በአንጻሩ 60 ሰው ተሰልፎ በ10 ደቂቃ 20 ሰው ቢወጣ የሚጠበቀው 30 ደቂቃ ብቻ ነው። ዓይን የሚያየው የሰልፉን ርዝመት ነው፤ ጊዜን የሚወስነው ግን የሰልፉ ፍጥነት ጭምር ነው። ብዙ ሰው ረዥሙን ሰልፍ ሸሽቶ ዘገምተኛው ሰልፍ ውስጥ የሚገባው ይህን ስለማይቆጥር ነው።

ጀሪካንና ፋስት ፓስ

የዲዝኒ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1999 «ፋስት ፓስ» የተባለ አሠራር ጀመረ። ጎብኚው ከአንድ መጫወቻ ፊት ወረቀት ይወስዳል፤ ወረቀቱ ላይ የሚመለስበት ሰዓት ተጽፏል፤ እስከዚያው ወደ ሌላ ስፍራ ሄዶ ይጫወታል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ተመልሶ በአጭር መስመር ይገባል። በሰውየው ምትክ የተሰለፈው ወረቀቱ ነው። በዘመኑ እንደ ትልቅ ፈጠራ ተወራለት።

የአገራችን አንባቢ ግን ይህን ሲሰማ ፈገግ ሳይል አይቀርም። በቦኖ ውሃ ፊት የተደረደሩትን ቢጫ ጀሪካኖች ያላየ ማን አለ? በወፍጮ ቤት ግድግዳ ሥር በተራ የተቀመጡትን ጆንያዎችና ስልቻዎችስ? ባለቤቶቻቸው በዚያ ሰዓት በጥላ ሥር ፈትል ይፈትላሉ፤ ወይም ገበያ ወርደዋል፤ ወይም ልጅ ያጠባሉ። ዕቃው ተራ ይይዛል፤ ሰው ሥራውን ይሠራል። እናቶቻችን ፋስት ፓስን ስም ሳያወጡለት ሲጠቀሙበት ኖረዋል።

የጆንያውን ጥቅም በቁጥር እንየው። ከላይ በጠቀስነው የገበያ ቀን፣ አንዲት ሴት ወፍጮ ቤት 5፡15 ላይ ደረሰች እንበል። ከፊቷ 18 ሰው ስላለ የምትጠብቀው 90 ደቂቃ ነው። በ15 ደቂቃ መንገድ ላይ ባለ ጽሕፈት ቤት ደግሞ 40 ደቂቃ የሚያስጠብቅ ጉዳይ አላት፤ ጽሕፈት ቤቱ ከ6፡30 እስከ 7፡30 ለምሳ ይዘጋል። ከእህሏ አጠገብ ቆማ ብትጠብቅ ተራዋ 6፡45 ላይ ይደርሳል፤ ጽሕፈት ቤቱ ጋ 7 ሰዓት ላይ ስትደርስ ዝግ ያገኛታል፤ ጉዳዩዋ የሚያልቀው 8፡10 ላይ ነው። ጆንያዋን አስቀምጣ ብትሄድ ግን 5፡30 ላይ ትደርሳለች፤ 6፡10 ላይ ትጨርሳለች፤ 6፡25 ላይ ተመልሳ 20 ደቂቃ ብቻ ትጠብቃለች። 6፡45 ላይ ሁለቱም ጉዳዮች ተፈጽመዋል። ያተረፈችው 1 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ነው።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ የዲዝኒ ልምድ የሚያስተምረን ሌላ ነገር አለ። ጀሪካን ውሃ አያፈልቅም፤ ወረቀትም መጫወቻውን አያፈጥንም። በወረቀት ምትክ ነጻ የሆኑት ጎብኚዎች ወደሌሎች መጫወቻዎች ሄደው እዚያ ያለውን ሰልፍ ማርዘማቸው አይቀርም፤ ወረቀት የሌለው ሰው ደግሞ ባለወረቀቶቹ ከፊቱ ሲገቡ ቆሞ ያያል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ መናፈሻዎቹ ይህን ነጻ አሠራር ትቶ በገንዘብ በሚገዛ ፈጣን መስመር ተካው። እንግዲህ ተራን በዕቃ የመያዝ ሥርዓት ፍትሐዊ ሆኖ የሚቆየው ገደብ ሲኖረው ብቻ ነው። ፋስት ፓስ በመጀመሪያው ዘመኑ አንድ ወረቀት የያዘ ሰው ወዲያው ሌላ እንዳይወስድ ይከለክል ነበር። በቦኖ ፊትም አንድ ሰው ዐሥር ጀሪካን ከደረደረ በስተኋላው ያለችው ልጅ ትምህርቷ ያልፋታል። ስለዚህ «በአንድ ተራ ከሁለት ጀሪካን በላይ አይቀዳም» የሚል ደንብ የመልካም ጠባይ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሒሳብም ጉዳይ ነው።

ሲሞላ የሚሄድ መኪና

የመናፈሻ ምክር ሁሉ በእኛ አገር አይሠራም። ለዚህ ዋነኛው ማስረጃ መናኸሪያ ነው። «ማልደህ ድረስ» የሚለው ምክር የሚጠቅመው አገልግሎቱ ቀድሞ ለመጣ ቀድሞ ሲሰጥ ነው። ሚኒባስ ግን የሚነሣው ሲሞላ ነው። ተራ አስከባሪው የሚጠራው መኪና 12 ሰው ይይዛል፤ ተሳፋሪም በየ5 ደቂቃው አንድ አንድ ይመጣል እንበል። መጀመሪያ የገባው 55 ደቂቃ ይጠብቃል፤ የመጨረሻው አንድ ደቂቃ አይጠብቅም፤ አማካዩ 27 ደቂቃ ተኩል ነው። እዚህ ሰውን የሚያስጠብቀው የሌላ ሰው መብዛት ሳይሆን የሌላ ሰው አለመምጣት ነው። በመናፈሻ ሰልፍ ላይ ባልንጀራህ ጊዜህን ይወስድብሃል፤ በሚኒባስ ውስጥ ግን ባልንጀራህ ሲገባ ደስ ይልሃል።

ስለዚህ በመናኸሪያ የሚበጀው ሰዓት ፍሰቱ የበረታበት ሰዓት ነው። ተሳፋሪ በየደቂቃው ቢመጣ የመጀመሪያው ሰው የሚጠብቀው 11 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። ነገር ግን ገበያው ሲፈታ ነገሩ ይገለበጣል። መኪናው ወዲያው ይሞላል፤ የሚጎድለው መኪናው ራሱ ይሆናል፤ ወንበር የሚጠብቀው ሰው ይበዛል። በዚህ ምክንያት ከቢቸና ወይም ከሞጣ የሚመለስ ገበያተኛ ጉዳዩን ገበያው ከመፈታቱ አንድ ሰዓት ያህል ቀድሞ ቢጨርስ፣ መኪና ቶሎ የሚሞላበትንና መኪና ያልጠፋበትን ጠባብ ጊዜ ያገኛል።

የአንድ ቀን ዕቅድ

አምስት ጉዳይ ያለው ሰው እነርሱን በ120 ልዩ ልዩ ቅደም ተከተል ሊፈጽማቸው ይችላል፤ ዐሥር መጫወቻ ያሰበ የመናፈሻ ጎብኚ ደግሞ 3,628,800 ምርጫ አለው። የሒሳብ ሊቃውንት ይህን የመሰለውን ጥያቄ «የተጓዥ ነጋዴ ችግር» ይሉታል። በኮምፒዩተርም ቢሆን ጉዳዩ በበዛ ቁጥር እጅግ ከባድ ይሆናል። ለገበያተኛ ግን ከላይ ካየነው የሚከተሉት አራት ደንቦች ይበቃሉ።

የመጀመሪያው፣ ዕቃ ተራ የሚይዝበትን ጉዳይ ማስቀደም ነው። ጆንያው ቀድሞ ወፍጮ ቤት ይግባ። ሁለተኛው፣ ሰው ራሱ መቆም ያለበትን፣ አስተናጋጁም አንድ ብቻ የሆነውን ጉዳይ ቀጥሎ መፈጸም ነው፤ ጽሕፈት ቤትና ጤና ጣቢያ ከዚህ ይመደባሉ። ሦስተኛው፣ ግዢና ሽያጭን ግርግሩ ለበረታበት ሰዓት መተው ነው። ገበያ አስተናጋጁ ብዙ የሆነ ስፍራ ነው፤ እያንዳንዱ ጨው ሻጭ አንድ አስተናጋጅ ነውና እዚያ ሰው ቢበዛም ወረፋ አይበዛም። አራተኛው፣ የመመለሻውን መኪና ገበያው ከመፈታቱ በፊት መያዝ ነው።

ለአስተናጋጆች የምንለው

እስከ አሁን የተናገርነው ለተሰላፊው ነው። ነገር ግን ብልህ ተሰላፊ የሚያተርፈው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከሌላው ተሰላፊ የተወሰደ ነው። የሁሉንም ጊዜ በአንድነት ማዳን የሚችለው አስተናጋጁ ነው። ያለ ተጨማሪ ወጪ ሊደረጉ የሚችሉ ሁለት ነገሮችን እንጠቁማለን።

አንደኛው የሰልፍ አንድነት ነው። ሁለት ወፍጮ ያለው ሰው ለእያንዳንዱ የተለየ ሰልፍ ቢያደርግ፣ እያንዳንዱም በሰዓት 12 ሰው እያስተናገደ ከአቅሙ 90 በመቶው ቢያዝ፣ አማካዩ ቆይታ 50 ደቂቃ ነው። ሁለቱን ሰልፎች አንድ አድርጎ ፊተኛውን ሰው ወደተለቀቀው ወፍጮ ቢልከው ግን ቆይታው ወደ 26 ደቂቃ ይወርዳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በአንዱ ወፍጮ ሰው ተደራርቦ ሌላው ሥራ የሚፈታበት ጊዜ አይኖርም።

ሁለተኛው አነስተኛውን ሥራ ማስቀደም ነው። አንድ ነጋዴ 60 ደቂቃ የሚያስፈጅ እህል፣ አምስት ሴቶች ደግሞ እያንዳንዳቸው 5 ደቂቃ የሚያስፈጅ ጥቂት ቁና ይዘው ተሰልፈዋል እንበል። ነጋዴው ቢቀድም የስድስቱ ሰዎች አማካይ ቆይታ 72 ደቂቃ ተኩል ነው። ነጋዴው መጨረሻ ቢሆን አማካዩ ከ27 ደቂቃ ያንሳል፤ ነጋዴው የሚጎዳው 25 ደቂቃ ብቻ ነው። እርግጥ ነው፣ ጥቂት የያዙ ሰዎች ሳያቋርጡ ቢመጡ ነጋዴው ቀኑን ሙሉ ሊቆም ነው፤ ስለዚህ ለባለ ብዙ ኩንታል የተለየ ሰዓት፣ ለምሳሌ ወፍጮ ሥራ የሚፈታበትን የከሰዓት በኋላ ጊዜ መመደብ ይገባል።

ዕቅድ የማይፈታው ወረፋ

ከዚህ በኋላ አንባቢ «ወረፋ ሁሉ በብልሃት ይፈታል ማለት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱን ለመስጠት ከሞጣ ወደ ዓባይ ሸለቆ መውረድ ያስፈልጋል። በዚያ ሰባራ ድልድይ የሚባል ስፍራ አለ። ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኘው ይህ የድንጋይ ድልድይ በ17ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ፋሲለደስ ጊዜ እንደተሠራ ይነገራል። በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ፈረሰና ስሙን ከስብራቱ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት መንገደኛው ገመድ ታጥቆ በወዲያና በወዲህ በቆሙ ሰዎች ጉልበት እየተሳበ ክፍተቱን ይሻገር ነበር።

በወረፋ ሳይንስ ቋንቋ ስንገልጸው፣ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ የሚያስተናግድ አንድ አስተናጋጅ ማለት ነው፤ ያውም በእያንዳንዱ ተራ የሰው ሕይወት በገመድ ላይ ተንጠልጥሎ። በማለዳ መድረስም ሆነ ዕቃን ተራ ማስያዝ የገመዱን አቅም አይጨምርም። እ.ኤ.አ. በ2002 «ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ» የተባለው የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ክፍተቱን በብረት ጠገነው። ጥገናው እ.ኤ.አ. በ2005 በጎርፍ ተወሰደ። እ.ኤ.አ. በ2009 ከወንዙ ሙላት ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። በድልድይ ላይ ሰው ከሰው ኋላ እየተከተለ ስለሚያልፍ የገመዱ ወረፋ ቀረ።

ስለዚህ ሁለቱን ለይቶ ማየት ይገባል። ሰው በአንድ ሰዓት ስለተደራረበ የመጣ ወረፋ በዕቅድ፣ በቀጠሮና በሥርዓት ይቃለላል። አገልግሎቱ ቀኑን ሙሉ ከሚመጣው ሰው በታች ስለሆነ የመጣ ወረፋ ግን ተጨማሪ ቦኖ፣ ተጨማሪ ወፍጮ፣ ተጨማሪ ጸሐፊ፣ አለዚያም ድልድይ ይጠይቃል። የመጀመሪያውን በገንዘብ ለመፍታት መሞከር ብክነት ነው፤ ሁለተኛውን «ሕዝቡ ማልዶ ይምጣ» በሚል ምክር ለማለፍ መሞከር ደግሞ ሸክሙን መልሶ በተሰላፊው ላይ መጫን ነው።

የትኛው ወረፋ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በቢቸናና በሞጣ ያሉ የሒሳብና የፊዚክስ መምህራን ተማሪዎቻቸውን በአንድ የገበያ ቀን ሰዓትና ደብተር አስይዘው ወፍጮ ቤትና ቦኖ አጠገብ ቢያቆሙ፣ በየ10 ደቂቃው የመጣውን፣ ተስተናግዶ የወጣውንና በሰልፍ የቀረውን ቢያስመዘግቡ፣ ከሰዓት በኋላ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚሠሩት መሥመር መልሱን ይሰጣቸዋል። መሥመሩ ወጥቶ ከወረደ ችግሩ የሰዓት ነው። ወጥቶ ካልወረደ፣ ያንን ወረቀት ይዘው ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ይሂዱ።